ዋንጫው እስኪመጣ ድረስ

ጎንደር ፒያሳ ላይ፣ ጣሊያን ሠርቶት ከሄደው ባለ በረንዳ ፎቅ ሥር፣ ሁለት ወንበር ያለው ፀጉር ቤት አለ። የቀኙ ወንበር የይታየው ነው፤ የግራው የሐብተ ማርያም። ይታየው የሐብተ ማርያምን ታናሽ እኅት እናኑን አግብቷል፤ ስለዚህ አማቾች ናቸው። እኔ በረንዳው ላይ ልብስ እሰፋለሁ። የስፌት መኪናዬ ከበሩ አጠገብ ስለሆነች ውስጥ የሚባለውን ሁሉ እሰማለሁ። ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ ግን በዚያ ቤት ከሚባለው የማይባለው ይበዛል።

ሁለቱ አይነጋገሩም። አንድ መስታወት፣ አንድ ሶኬት፣ አንድ ጠርሙስ አልኮል ይጋራሉ፤ ቃል አይጋሩም። ሲቸግራቸው በደንበኛ በኩል ይላላካሉ።

«ጌታው፣» ይላል ይታየው ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን፣ «ያ ሰውዬ አልኮሉን እንዲያቀብለኝ ይንገሩልኝ።»

ደንበኛው ግማሽ ፂሙ ተላጭቶ፣ ግማሹ ሳሙና እንደለበሰ አንገቱን ያዞራል። «አልኮሉን አቀብል ተብለሃል።»

«አልቋል በሉት።»

«አልቋል ተብለሃል።»

«ማን እንደጨረሰው ይጠይቁልኝ።»

የለመደ ደንበኛ ይስቃል፤ ለዚሁ ብሎ የሚመጣም አለ። ችግሩ ያልለመደ ሲመጣ ነው። አምና ከዛሪማ የመጣ አንድ ገበሬ ሦስት መልእክት ካመላለሰ በኋላ ፎጣውን ከአንገቱ ገፎ ተነሣ።

«ምነው፣ ይኸ ሰውዬ ደንቆሮ ነው?» አለው ይታየውን።

«አይደለም።»

«አንተስ ዲዳ ነህ?»

«እኔማ ይኸው እያወራሁ።»

«እንግዲያስ ተነጋገሩ። እኔ የመጣሁት ለፀጉሬ ነው» ብሎ ግማሹን ተስተካክሎ ወጣ። ሌላውን ግማሽ የት እንዳስተካከለው እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ጠቡ የመጣው በክርስትና ነው። ሐብተ ማርያም ወንድ ልጅ ሲወልድ፣ ክርስትና የሚያነሣው ይታየው እንዲሆን ተነጋግረው ነበር። አርባ ቀኑ ሲደርስ ግን በዋዜማው ብሔራዊ ቡድናችን ይጫወት ነበር። ይታየው ጨዋታውን አየ። አሸነፍን። ይታየው ጠጣ። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ማለዳ ዝናቡ ይወርዳል፤ ደብራችን ቁስቋም ደግሞ ዳገት ላይ ናት። ሐብተ ማርያም አራሷንና ልጁን በኮንትራት መኪና ይዞ ወጣ። ጸሎቱ ደረሰና «የክርስትና አባቱ ይቅረብ» ተባለ። የለም። ካህኑን ሌሎች አራት ሕፃናት ይጠብቋቸዋል። ሐብተ ማርያም ዙሪያውን ቢያይ፣ አብረውት ከመጡት ከሴቶቹ ሌላ የነበረው ወንድ ዝናብ ሽሽት የገባው የመኪናው ሾፌር ብቻ ነው።

«ወንድም፣ አፍህ ላይ ምንም አላደረግህም?» አለው።

«ኧረ ቁርስም አልበላሁ» አለ ሾፌሩ።

ልጁን እሱ አነሣው።

ይታየው ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ እየሮጠ ሲደርስ፣ ልጁ ክርስቲያን ሆኖ ሲወጣ በር ላይ ተገናኙ።

«ለሾፌር ሰጠኸው?»

«ታቦት ቆሞ ይጠብቅህ ኖሯል?»

ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ የተባባሉት የለም። ሾፌሩ በዓመቱ ወደ መተማ ወርዶ ቀረ፤ የክርስትና ልጁን ዓይን አይቶ አያውቅም።

በሦስተኛው ዓመት ሽማግሎች ነገሩን አነሡት። ቁስቋም ሰንበቴ አለን፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በየተራችን ዳቦና ጠላ ይዘን የምንሰበሰብበት ማኅበር ነው። ሰባ ሰው ተቀምጧል። ሐብተ ማርያም ታላቅ ሆኖ ሳለ ድንጋይ ተሸክሞ ቆመ፤ ይቅርታ ሲጠየቅ እንዲያ ነው ወጉ። ይታየው ግን የሰው ዓይን በበዛ ቁጥር የሚደነድን ሰው ነው። «በቃ በለው፣ ይታየው» ሲሉት፣ «ተው፣ ልጁም አደገ» ሲሉት፣ ተነሥቶ እጁን ወደ ቤተ መቅደሱ ዘረጋ።

«ኢትዮጵያ የሴካፋን ዋንጫ እስክታመጣ ድረስ አንዲት ቃል ባናግረው ቁስቋም ትፍረድብኝ! አባ፣ ይገዝቱኝ!»

ሴካፋ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ጎረቤታሞች የሚገጥሙበት ዋንጫ ነው። ከአፍሪካ ውድድሮች ሁሉ በዕድሜ አንጋፋው እሱ ነው ይባላል። እኛም አንሥተነው እናውቃለን፤ ያነሣንበትን ጊዜ ቆጥረው የሚናገሩት ሰዎች ግን አሁን አናታቸው በራ ሆኖ፣ ፀጉር ቤቱ ሲመጡ የሚስተካከሉት ጎንና ጎኑን ብቻ ነው።

ሰንበቴው ሳቀ። የነፍስ አባታችን አባ ህሩይ ግን አልሳቁም።

«መቼም አላናግረውም ማለትህ ነው?» አሉት።

«ዋንጫው ሲመጣ ማለቴ ነው፣ አባ።»

«እንግዲህ በራስህ አፍ አሰርኸው» አሉና መስቀላቸውን አነሡ። «እንደ ቃልህ የተገዘትህ ሁን።»

ግዝት ቀልድ አይደለም። ያፈረሰው አይቆርብም፤ ቢሞት እንኳ ፍትሐቱ ያከራክራል። ይታየው ይህን ያውቃል። ቡድናችንንም ያውቃል። ስለዚህ ስድስት ዓመት ያለ ሐሳብ ኖረ። ቡድናችን አላሳፈረውም፤ አንዴ ከምድቡ ወደቀ፣ አንዴ ጭራሽ ሳይሄድ ቀረ።

ዘንድሮ ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው ሐብተ ማርያም ወደ በረንዳው ብቅ አለ። ድምፁን ለእኔ ከሚበቃው በላይ ከፍ አድርጎ፣

«ዓለምነው፣ ማክሰኝት ቤት አግኝቻለሁ» አለኝ። «ከገበያው በር ላይ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ሰኞ ወንበሬን ጭኜ እሄዳለሁ።»

«ምነው፣ አያ ሐብቴ?»

«ዘጠኝ ዓመት ከመስታወት ጋር አወራሁ። መስታወቱም ሰለቸው።»

ውስጥ የይታየው ቶንዶስ ድምፁ ተቋረጠ። ከዚያ እንደገና ተነሣ። ቆይቶ የወጣው ደንበኛ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ የተጠረገ መንገድ ነበረው። «ፋሽን ነው አለኝ» አለ ራሱን እየዳበሰ። አዎ፣ አልኩት፤ ምን ልበል።

በማግስቱ ይታየው በምሳ ሰዓት መጥቶ ከመኪናዬ አጠገብ ቆመ። ተቀመጥ ብለው አይቀመጥም። የጨርቅ ቁርጥራጭ አንሥቶ ያጣጥፋል፤ ይፈታል፤ ያጣጥፋል።

«አባ ህሩይ ዘንድ ሄጄ ነበር» አለኝ።

«ለምን?»

«ግዝት ይፈታ እንደሆን ልጠይቅ።»

«እና?»

«ይፈታል አሉኝ። ሰንበቴው ፊት ቆመህ 'ተሳስቻለሁ' ካልህ ወዲያው ይፈታል አሉኝ።»

«ሸጋ ነዋ! አንዲት ቃል ናት።»

«ሰባ ሰው ፊት?» አለ። ጨርቁን ጥሎ ሄደ። ከዚያ ተመልሶ መጣ። «ያ ሰውዬ የምር የሚሄድ ይመስልሃል?»

«ቤቱን ቀለም አስቀብቷል።»

«ምን ቀለም?»

«ሰማያዊ።»

«ሰማያዊ ለፀጉር ቤት አይሆንም፤ ፊት ያጠቁራል» አለ። «ይህን የሚነግረው ሰው እንኳ የለም።» አሁን የምሩን ሄደ።

እንግዲህ ከ'ተሳስቻለሁ' የሚያድነው የቀረ ነገር አንድ ብቻ ነበር። ዋንጫው ከመጣ ግዝቱ በራሱ ይወድቃል፤ ይታየው ማንንም ሳይለምን፣ አንገቱን ሳይደፋ ያንን ሰው 'አትሂድ' ሊለው ይችላል። ዋንጫው ካልመጣ ሰኞ መኪና ይመጣል። ስድስት ዓመት ቡድኑ እንዲሸነፍ ዝም ብሎ የጠበቀ ሰው፣ በአንድ ሌሊት ከጎንደር የመጀመሪያው ደጋፊ ሆነ። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠመጠመ፤ ደንበኛ ሲላጭም አያወልቀውም። የቀኝ መስመሩን ልጅ ጉልበት፣ የበረኛውን ቁመት፣ የአሠልጣኙን እንቅልፍ ሳይቀር ያወራል።

እናኑ አንድ ቀን ምሳ ይዛለት መጥታ ይህን ስትሰማ ቆመች። እሷ ባሏንም ወንድሟንም ስለምትወድ ሁለቱንም ትሰድባለች።

«እንዲያው አንተ ሰውዬ፣» አለችው፣ «አፍህን ለመክፈት አሥራ አንድ ሰው ይሩጥልህ? ለዚያውም በፀሐይ?»

«ዝም በይ፣ ሰው አለ።»

«ሰው ባይኖር መች እናገር ነበር!» ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተም! ድንጋይ ተሸክመህ ጨረስህ፣ አሁን ወንበር ልትሸከም ነው? የምን ተሸካሚ ወጣብን።»

ሐብተ ማርያም ምላጩን በፎጣ ጠረገ። ይታየው ሰሐኑን ተቀብሎ ሳይበላ መልሶ ሰጣት።

የመጀመሪያው ጨዋታ አቻ ወጣ። ይታየው መጥረጊያ አንሥቶ የተጠረገውን ወለል ጠረገ። ሁለተኛውን አንድ ለባዶ አሸነፍን፤ ጎሉን ያገባልን የእነሱ ተከላካይ ነው፤ ይታየው ግን «ጎል ጎል ነው፣ አባቱ አይጠየቅም» አለ። ሦስተኛው እንደገና አቻ። በስንት ሒሳብ፣ በስንት የሌላ ሰው ሽንፈት ከምድባችን አለፍን። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ኬንያን በማዕዘን ምት፣ በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ አሸነፍን። ያን ጊዜ ይታየው አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ እያስተካከለ ነበር። ጎሉ ሲገባ ዘለለ፤ መቀሱም አብሮት ዘለለ። ጸሐፊው ጆሮውን በጥጥ ይዞ፣

«ምንም አይደል» አለ። «ለአገር ነው።»

ሐብተ ማርያም አልኮሉን ይዞ መጣ። መልእክት ሳይጠብቅ ጸሐፊው ጭን ላይ አስቀመጠው። ይታየው ጠርሙሱን አየ፤ አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። እኔ መርፌዬ ላይ ክር ሳስገባ ቆየሁ፤ ክሩ ግን ከቅድም ጀምሮ ገብቶ ነበር።

ፍጻሜው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከዩጋንዳ ጋር። ሐብተ ማርያም የመጨረሻ ቀኑ ነው። ፎጣዎቹን አጥቦ አጣጥፏል፤ ዕቃውን በካርቶን አስሯል፤ የቀረው ሲሚንቶው ላይ በአራት ብሎን የታሰረው ወንበር ብቻ ነው። መኪናው ሰኞ ማለዳ ይመጣል። ቤቱ ሞላ፤ በረንዳው ሞላ፤ እኔም መኪናዬን ጠርዝ ላይ ገፍተውብኝ ወደ ውስጥ ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ተሰቅሏል፤ ስለዚህ የሚጫወቱት አርባ አራት ይመስላሉ።

ጨዋታው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ አንድ ችግር መጣ። ሐብተ ማርያም በትንሽ ሬዲዮ፣ በጆሮ ማዳመጫ ነው የሚከታተለው፤ የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ብዙ ያወራል ይላል። ሬዲዮው ደግሞ ከምስሉ አምስት ስድስት ሰከንድ ይቀድማል። ዩጋንዳዎች ገና ኳሷን በመሐል ሜዳ እያንሸራሸሩ ሳለ ሐብተ ማርያም «እህ!» ብሎ ጭኑን መታ። ከዚያ እኛ ጎሉን አየን።

«ማነው ይኸ ነቢይ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አያ ሐብቴ፣ ወይ ሬዲዮውን ይዝጉ ወይ ይውጡ!»

«በገዛ ቤቴ?»

«እንግዲያስ ፊትዎን ወደ ግድግዳ ያዙሩ!»

ተስማማ። ወንበሩን አዞሩትና አገር ሙሉ ወደ አንድ በኩል ሲያይ እሱ ወደ ግድግዳው እያየ ተቀመጠ። ቢሆንም ሰው ጀርባ አለው። በሁለተኛው አጋማሽ ትከሻው ከፍ ሲል «ገባ! ገባ!» ብለው ጮኹ፤ ኳሷ ገና ከእኛ በረኛ እጅ አልወጣችም ነበር። ስድስት ሰከንድ ቆይታ ገባች። አንድ ለአንድ። ከዚያ ወዲያ ግማሹ ሰው ቴሌቪዥኑን ትቶ የሐብተ ማርያምን ትከሻ ማየት ያዘ።

ይታየው አንድ ቦታ አልቆመም። ከበሩ እስከ መስታወቱ ስድስት እርምጃ ነው፤ ሰው ስለሞላ አራት ሆኗል፤ በአራቱ ይመላለሳል። ሻርፑን ይፈታል፤ ይጠመጥማል። አንዴ ቶንዶሱን አንሥቶ አበራውና የማንንም ራስ ሳይነካ አየር ላይ ይዞት ቆየ።

«ኧረ ተቀመጥ!» አሉት። «እንኳን እኛ ዳኛውም ደከመው።»

ዘጠናው አለቀ። ጭማሪው ሠላሳ ደቂቃም አለቀ። ወደ ፔናሊቲ ተሄደ። አንድ ሽማግሌ «በስመ አብ» ይላሉ፤ ለማን እንደሆነ አልለዩም፤ ለሁለቱም ወገን እያማተቡ ነው። አራት አራት መቱ። እኛ አንድ ሳትን፤ እነሱም አንድ ሳቱ፤ ሦስት ለሦስት። የዩጋንዳው አምስተኛ አገባ። የእኛ ሰባት ቁጥር መጣ፤ ካገባ እንቀጥላለን፤ ከሳተ አለቀ። ኳሷን አስቀመጠ። አነሣት፤ እንደገና አስቀመጠ። ወደ ኋላ ሄደ።

መብራት ጠፋ።

የጮኸውን ጩኸት አልጽፈውም። ስልክ አወጡ፤ ኔትወርክ የለም። «ደውሉ!» «ለማን?» «ለማንም!» ከዚያ፣ አንድ ሰው እንዳዘዛቸው ሁሉ፣ በአንድ ጊዜ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሐብተ ማርያም ማዳመጫውን በጣቱ ጆሮው ውስጥ ተጭኖ፣ አንድ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ቆዩ እያለ ነው። ትከሻው አይነቃነቅም። ይታየው ከሁላችንም ፊት፣ ከጀርባው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሟል። ቢጠራው ይሰማዋል። ቢነካው ይደርስበታል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም።

እጁ ወረደ። ሐብተ ማርያም ማዳመጫውን አወለቀና ወደ እኛ ዞረ።

«ቋሚ» አለ። «ቋሚውን መትቶ ወጣ።»

ሰዉ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። እዚህ አገር ተሸንፎ ለሚወጣ በር አይጠበውም። አሥራ ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር፤ ከበረንዳው በኩል ፀሐይ ገና አለች። ቤቱ ውስጥ ሦስት ቀረን፤ እነሱ ሁለቱ፣ እኔም። መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም፤ መኪናዬን ወደ ቦታዋ የሚመልስልኝ አጣሁ ብዬ ቆየሁ።

ሐብተ ማርያም ኮቱን አወለቀ። ብሎን መፍቻ ይዞ ወንበሩ ሥር ተንበረከከ። አንዱን ፈታ። ሁለተኛውንም ፈታ። ይታየው መስታወቱ ፊት ቆሞ የሌለ ፀጉር ከጠረጴዛው ላይ ያራግፋል።

«ዓለምነው» አለኝ።

«አቤት።»

«ለዚያ ሰውዬ ንገረው።»

«ምን ልበለው?»

ወደ በሩ ሄደ፤ ተመለሰ።

«ዓለምነው።»

«አቤት።»

«... ንገረውማ።»

«እኔ የሰው ቃል አደርሳለሁ እንጂ አልሰፋም» አልኩት። «የምሰፋው ሱሪ ነው።»

ተቆጣ መሰለኝ። ሦስተኛውም ብሎን ወጣ። አራተኛው ዝጓል። ሐብተ ማርያም ገፋ፤ ሳበ፤ ተንፈስ አለ። ላቡ ሲሚንቶው ላይ ጠብ አለ። የመጨረሻው ብሎን በግድግዳው በኩል ስለሆነ በግራ እጁ፣ ተጠማዞ ነው የሚይዘው፤ አቅጣጫው ጠፍቶበት እያጠበቀው ነው። እኔ ከነበርኩበት ይታየኛል። ይታየውም ያያል። ሐብተ ማርያም ባለ በሌለ ኃይሉ ያጠብቃል። ያ ወንበር አንድ ዙር በተዞረ ቁጥር ጎንደር ላይ የባሰ ይተከላል። እኔ 'ተወው' አልኩ በልቤ። ይታየው ዝም ቢል ኖሮ ወንበሩ እስከ ሰኞ አይነቀልም ነበር፤ ምናልባት እስከ ምጽአትም። ግን ሠላሳ ዓመት በእጁ የሠራ ሰው፣ ሌላው በእጁ ሲሳሳት ቆሞ ማየት አይችልም። ይታየው አንድ እግሩን አንሥቶ አስቀመጠ። ሻርፑን ከአንገቱ በጥሶ ጣለው።

«ወደ ግራ ነው እንጂ፣ አያ!» ብሎ ጮኸ። «ወደ ግራ! እያጠበቅኸው እኮ ነው!»

ሐብተ ማርያም እጁን ሳያነሣ ቆመ። ዞር ብሎ አላየም።

«ለማን ነው የምትለው?»

«ለአንተ ነዋ! ሌላ ማን አለ?»

«ዓለምነው አለ።»

«እኔ ሄጃለሁ» አልኩ።

ሐብተ ማርያም ብሎኑን ወደ ግራ አዞረው። ሲጢጥ ብሎ ላላ። አውጥቶ መዳፉ ላይ ያዘውና ብዙ ጊዜ አየው።

«ዋንጫው አልመጣም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ግዝቱስ?»

«ፈረሰ።»

«ታዲያስ?»

«ነገ ሰንበቴ ላይ እቆማለሁ።»

«ሰባ ሰው ፊት?»

«ሰባ ሦስት ሆነናል» አለ ይታየው። ዘጠኝ ዓመት በሰው በኩል ሲናገር የኖረ ሰው፣ በቀጥታ ሲናገር ቃሉ ከየት እንደሚጀመር ይጠፋዋል። «ማክሰኝት... ያ ሰማያዊ ቀለም ለፀጉር ቤት አይሆንም።»

«ምነው?»

«ፊት ያጠቁራል። ደንበኛው በመስታወት ሲያየው የታመመ ይመስለዋል። አትሂድ።»

«ወንበሩን ፈታሁት እኮ።»

«እንመልሰዋ!»

ሐብተ ማርያም አሁን ዞረ። ፊቱ ላይ ያለውን እንዳልናገር ብርሃኑ ከኋላው ነበር። «መጀመሪያ ነገ ስትቆም ልይህ» አለ። ብሎኖቹን በኪሱ ከተተና ኮቱን ለበሰ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ጢም አለ። ሰው የዋንጫውን ነገር ሊያወራ ነው የመጣው፤ በአንዱ አሠልጣኝ ፈንታ ሰባ ሦስት አሠልጣኝ ተቀምጧል። እናኑ ከሴቶቹ በኩል አንገቷን አስግጋለች። አባ ህሩይ ዳቦውን ባርከው ሳይቆርሱ ይታየው ተነሣ። አንድ ጊዜ ቁጭ አለ። ደግሞ ተነሣ።

«አባ፣» አለ ይታየው፣ «እኔ የተገዘትሁትን አፍርሻለሁ። ትናንት አናግሬዋለሁ።»

«ምን ብለህ?» አሉት።

«ወደ ግራ አዙር ብዬ።»

ጉምጉምታ ተነሣ። አባ ህሩይ እጃቸውን አነሡ። «የምትለው ምንድን ነው እንግዲህ?»

ይታየው ላቡን በነጠላው ጫፍ ጠረገ። ጣራውን አየ። መሬቱን አየ።

«አሠልጣኙም ተሳስቷል» አለ። «ያን ልጅ በአምስተኛነት ማስመታት አልነበረበትም። እኔም ተሳስቻለሁ።»

ያ ሁሉ ሕዝብ ሳቁን በጠላ ጣሳ አፈነ። አባ ህሩይ ብቻ እንደ ዛሬ ስድስት ዓመቱ ሁሉ አልሳቁም።

«የአሠልጣኙን ለራሱ ተውለት፤ እሱም የነፍስ አባት አለው» አሉ። «የራስህን ብቻ ድገመው።»

«ተሳስቻለሁ።»

ከኋላ፣ ከምሰሶው ሥር፣ ሐብተ ማርያም ሁለት እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣

«አልተሰማም!» አለ።

ይታየው ዞረ፤ ፊቱ ቀላ። ሦስተኛውን 'ተሳስቻለሁ' ታች ዳገቱ ሥር ያሉት ባለባጃጆች ሳይቀሩ ሰሙት።